ትንፋሽ መልቀቅ የሚማሩበት ቤት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ፣ ግሮተን ላይ፣ ከቴምስ ወንዝ ዳር ያለው የባሕር ኃይሉ የሰርጓጅ መርከብ ትምህርት ቤት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ መርከበኞች እዚያ ይሠለጥናሉ። ቶርፒዶው (በውሃ ውስጥ የሚተኮሰው ፈንጂ)፣ የሚያፈስ ቧንቧ መድፈኑ፣ እሳት ማጥፋቱ፣ ሁሉም አለ። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ አንዱ ትምህርት ነው፤ ከሰመጠ መርከብ መውጣት።

መነሻው ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1927 ኤስ-4 የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ በማሳቹሴትስ ጠረፍ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። 40 ሰዎች አለቁ። ከእነሱ 6ቱ በቶርፒዶ ክፍል ውስጥ ለቀናት በሕይወት ነበሩ፤ የመርከቧን ብረት እየመቱ ከጠላቂዎች ጋር ተነጋግረዋል። ከላይ ማዕበሉ አላስጠጋ አለ፣ ከታች አየሩ አለቀ። ጥልቀቱ እኮ ከ30 ሜትር ብዙም አይበልጥም!

ታዲያ በሩን ከፍተው ለምን አይዋኙም? በሩ አይከፈትማ። 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ በር በ30 ሜትር ጥልቀት ከ8 ቶን በላይ ይጫነዋል። ስለዚህ ሠልጣኞቹ መጀመሪያ የሚማሩት ሁለት በር ባላት ጠባብ ክፍል መጠቀም ነው። ገብተው የውስጡን በር ይዘጋሉ፣ የባሕሩን ውሃ በቫልቭ ያስገባሉ። ውሃው ከፍ ሲል በላያቸው የቀረው አየር ይታመቃል። የአየሩ ግፊት ከባሕሩ ጋር ሲተካከል ያ አልነቃነቅ ያለ በር በእጅ ሲገፉት ይከፈታል። እዚህ ላይ የሚቸገረው ጉንፋን የያዘው ሰው ነው፤ ጆሮው ግፊቱን ማስተካከል ስለማይችል ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። ውሃ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት በደረቅ የግፊት ክፍል የሚፈተኑትም ለዚህ ነው።

የባሕር ኃይሉ መኮንን ቻርልስ ሞምሰን ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው የማምለጫ መሣሪያ ደረት ላይ የሚንጠለጠል የጎማ ከረጢት ነው። ኦክስጅን ይሞላል፣ አፍንጫ በመቆንጠጫ ይያዛል፣ በአፍ ይተነፈሳል። የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከረጢቱ ውስጥ ያለ ኬሚካል ይይዘዋል፤ ወደ ላይ ሲወጡ እየሰፋ የሚሄደው አየር ደግሞ ከታች ባለ ቫልቭ ይወጣል። ይህን ለማለማመድ በ1930 ግሮተን ላይ የውሃ ማማ ተሠራ፤ ከ30 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ውሃው የሞቀ። ሠልጣኙ መጀመሪያ ከ5 ሜትር ገደማ፣ ቀጥሎ ከ15፣ በመጨረሻ ከሥር ይወጣ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ውሃ ውስጥ ሰው በደመ ነፍስ ትንፋሹን ይይዛል። የሚገድለውም እሱ ነው። በ30 ሜትር ግፊቱ ከላይ ካለው 4 እጥፍ ነው፤ እዚያ የተሳበ አንድ ሳንባ ሙሉ አየር ወደ ውሃው ገጽ ሲደርስ የ4 ሳንባ ያህል ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ሳንባን ይቀድዳል፣ አረፋው ከደም ጋር ወደ አንጎል ይሄዳል። ለዚህ ደግሞ ትልቅ ጥልቀት አያስፈልግም፤ ሳንባን ሞልቶ ትንፋሽ ለያዘ ሰው አንድ ሜትር ተኩል እንኳ ይበቃል። አሠልጣኞቹ በማማው ውስጥ በየከፍታው ቆመው ከሠልጣኙ አፍ የሚወጣውን አረፋ ይመለከቱ ነበር። አረፋው ከቆመ ይዘው ያስቆሙት ነበር።

ማማው ራሱ ዛሬ የለም፤ በ1992 ፈርሷል። አሁን መርከበኞች የሚለብሱት መላ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ እስከ 180 ሜትር ለሚደርስ ጥልቀት የታሰበ ነው። በመካከል ላይ ግን፣ በ1960ዎቹ፣ ጭንቅላትን የሚሸፍን፣ አየር የተሞላ ኮፍያ መጥቶ ነበር። ያኔ ሠልጣኙ ከታች እስከ ላይ ሳያቋርጥ «ሆ! ሆ! ሆ!» እያለ እንዲጮህ ይታዘዝ ነበር። የሚጮህ ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልምና።