ሌሊት የሚነቃው ኢንቨርተር

ሰላም፦ ዳዊት፣ ዓይንህ ቀልቷል። እንቅልፍ አጣህ እንዴ?

ዳዊት፦ ተይኝ እባክሽ! የሶላሩ ኢንቨርተር ነው፣ ያ የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይረው ማሽን። ሦስት ሌሊት ሙሉ፣ ልክ 8 ሰዓት ሲሆን ማራገቢያው ይጮኻል። ሰው ሁሉ ተኝቷል። የሚሠራው ፍሪጅና ዋይፋይ ብቻ ነው። ፀሐይ የለ፣ ምን አሞቀው?

ሰላም፦ እና ምን ጠረጠርክ?

ዳዊት፦ ማራገቢያው ተበላሽቷል ብዬ ልፈታው ስል ነበር።

ሰላም፦ እንኳን አልፈታኸው! ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ኃይል ይይዛሉ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ስክሪኑን ነው የማየው። ኃይሉ ከየት ወዴት እየሄደ ነው?

ዳዊት፦ በሦስተኛው ሌሊት አየሁት። ከዋናው የመብራት መስመር ወደ ባትሪው 2,000 ዋት ገደማ ይገባል።

ሰላም፦ በሌሊት ቻርጅ? ማን አዘዘው?

ዳዊት፦ እኔው። ደመና ሲበዛብኝ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባትሪውን ከመስመር እንዲሞላ አዝዤው ነበር። በኋላ አንድ ማታ፣ 3 ሰዓት ላይ፣ የማሽኑን ሰዓት ላስተካክል ገባሁ። እሱ የሚፈልገው በ24 ሰዓት አቆጣጠር 21 ነው፣ እኔ 9 ብዬ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱ ቀን ሆነበት።

ሰላም፦ (ሳቅ) የታዘዘውን ነው የሠራው፣ ምን ያድርግ! የእኔ ደግሞ ሌላ ነው። ምንም ሳልጠቀም ባትሪው እያነሰ ያድራል። ባትሪው ሞተ ብዬ ስንት ቀን ተጨነቅኩ።

ዳዊት፦ አልሞተም?

ሰላም፦ ደህና ነው። ማታ የቤቱን ብሬከሮች አጠፋሁና ኢንቨርተሩን ብቻውን ተውኩት። ስተኛ በመቶኛውን ጻፍኩ፣ ጠዋት አነበብኩ። 12 በመቶ ወርዷል። ማሽኑ ራሱ ነቅቶ ለመቆየት ብቻ 50 ዋት ገደማ ይበላል። በ12 ሰዓት 600 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ባትሪዬ 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሒሳቡ ገጠመ።

ዳዊት፦ ታዲያ ቁጠባ የሚለውን ሴቲንግ አታበሪውም?

ሰላም፦ ሞከርኩት። አምፖሎቹ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። በዚያ ሴቲንግ ማሽኑ ይተኛና የሚሠራ ዕቃ እንዳለ ለማወቅ በየጥቂት ሰከንዱ ኃይል ይልካል። ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል ደግሞ አይታየውም። ተውኩት።

ዳዊት፦ ባትሪው ግማሽ እያለ ወደ መስመር የሚዘለውስ? እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ሰላም፦ በቮልቴጅ እንዲወስን አድርገኸው ይሆናል። የፍሪጁ ኮምፕረሰር ሲነሳ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ማሽኑ ባትሪው ያለቀ ይመስለዋል። በተለይ ለአሲድ ባትሪ የተቀመጠውን ቁጥር ለሊቲየም ከተውከው አስቸጋሪ ነው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ቮልቴጅ ባትሪው ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ከቮልቴጁ ስንት እንደቀረ መገመት ከባድ ነው። ባትሪውና ኢንቨርተሩ በኬብል የሚነጋገሩ ከሆነ በመቶኛ እንዲወስን አድርገው።

ዳዊት፦ ሲመሽ ስልክ ላይ «ግንኙነት የለም» የሚለውስ? የወንድሜ ኢንቨርተር እንደዚያ ይላል።

ሰላም፦ ባትሪ አለው?

ዳዊት፦ የለውም። ፓኔልና መስመር ብቻ።

ሰላም፦ እንግዲያው ይተኛ። ብዙዎቹ ባትሪ የሌላቸው ማሽኖች ከፓኔሉ ነው የሚነቁት። ፀሐይ ስትጠልቅ አብረው ይጠፋሉ፣ ጠዋት ይመለሳሉ። ግን ሰዓቱን አስተካከልከው አይደል? ዛሬስ ለምን ሳትተኛ አደርክ?

ዳዊት፦ ትናንት አስተካከልኩት። ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ ድምፁ አልተሰማም። እኔ ግን ልክ 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ።