ካርቦኑ ያለው ከዛፉ ሥር ነው

ሰላም፦ ጁን 2023 ላይ አንተ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርክ አይደል?

ዳዊት፦ ነበርኩ። ጠዋት መስኮት ስከፍት ጭስ ጭስ ይላል፣ ሰማዩም ደፍርሷል። የጎረቤት ቤት የተቃጠለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ካናዳ፣ ኩቤክ ነው የሚነደው! ያን ዓመት ካናዳ ውስጥ 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ተቃጥሏል።

ሰላም፦ እኔን የሚያመኝ ምን መሰለህ? ከነደደው ብዙው ዛፉ አይደለም፣ አፈሩ ነው።

ዳዊት፦ አፈር ደግሞ እንዴት ይነዳል?

ሰላም፦ እዚያ ይነዳል። ከአላስካ እስከ ካናዳ፣ ከስካንዲኔቪያ እስከ ሳይቤሪያ ያለው ደን ብርዱ ከባድ ነው። መሬቱም ብዙ ቦታ ረግረግ ነው። የወደቀው ቅጠልና ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ ለሺህ ዓመታት እየተደራረበ ይኖራል። ፒት ይሉታል። ስለዚህ አብዛኛው ካርቦን የተቀመጠው ከመሬት በታች ነው። አንዳንዴ እሳቱ እዚያው ተዳፍኖ በረዶ ሥር ይከርማል። እናቶቻችን ፍም በአመድ ዳፍነው እንደሚያሳድሩት ማለት ነው። በጸደይ እንደገና ይነሳል።

ዳዊት፦ ግን እሳት ለዚያ ደን እንግዳ አይደለም ይባላል።

ሰላም፦ ልክ ነህ። ጃክ ፓይን የሚባለው ዛፍ ፍሬው የሚከፈተው በሙቀት ነው። ችግሩ እሳቱ ቶሎ ቶሎ ሲመለስ ነው። ችግኙ ፍሬ ሳያፈራ ይቃጠላል።

ዳዊት፦ እንስሳቱስ?

ሰላም፦ ካሪቡን ልንገርህ፣ የአጋዘን ዘር ነው። በክረምት በረዶውን በኮቴው ጭሮ ሊከን ይበላል። በደጋ ዛፎቻችን ላይ እንደ ሽበት የሚንጠለጠለው አለ አይደል? የእሱ ዘመድ ነው፣ ይሄኛው ግን መሬት ላይ ይበቅላል። ከእሳት በኋላ ለመመለስ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ለዚህ ነው ደን የሚቆርጡት ሰዎች "ቆርጠን መልሰን እንተክላለን" ሲሉኝ የማልረካው። አፈሩም ካሪቡም የሚፈልጉት ያረጀ፣ ያልተነካ ደን ነው።

ዳዊት፦ የሚጠብቀው አለ?

ሰላም፦ አለ። ካናዳ ውስጥ በማኒቶባና በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገሮች መካከል ፒማቺዎዊን አኪ የሚባል ቦታ አለ፤ 29,040 ካሬ ኪሎ ሜትር። አኒሺናቤ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች የአባቶቻቸው መሬት ነው። ራሳቸው ታግለው በ2018 የዩኔስኮ ዓለም ቅርስ አስደረጉት።

ዳዊት፦ እኛ ጋ የሚደርስ ነገር ይኖር ይሆን?

ሰላም፦ ክሬኖቹ! ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች። ፊንላንድና ሩሲያ ረግረግ ላይ ይፈለፈላሉ። ከእነሱ ውስጥ ብርዱን ሸሽተው ኢትዮጵያ የሚመጡ አሉ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ አይቻቸዋለሁ። እህሉ ከታጨደ በኋላ ቃርሚያ ሲለቅሙ።