የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሲሊኮን ይቀባል ወይስ አይቀባም?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬም ከጎንደር ነን። ይሄን ያገለገለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ማለትም በሞተሩ ራስ (ቴስታታ) እና በሞተሩ ዋና አካል (ሞኖብሎክ) መሃል የሚገባውን ማሸጊያ ወደ ካሜራው ላስጠጋላችሁ። አያችሁ? ዳር ዳሩን ቀይ ሲሊኮን፣ ያ ተቀብቶ የሚደርቀው ማሸጊያ፣ ተጋግሮበታል። ይቺን የውሃ ቀዳዳ ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ ግማሿ ተደፍኗል። ውሃው እንግዲህ በየት ይለፍ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የሞተሩ አምራች ቦታ ለይቶ «እዚህ ላይ ቀቡ» ካላለ በስተቀር አይቀባም። ደረቁን ነው የሚገባው። ደረቁን!

ለምን? እስቲ ምጣዱን አስቡት። እንጀራው ተሰፍቶ አክንባሎው ሲከደን፣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ እናቶቻችን ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ያፍኑታል። ጨርቁ እንዴት በቃ? እንፋሎቱ ጉልበት የለውማ! ክፍተቱን መድፈን ብቻ ነው የሚፈለገው። የዘይት ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ ሲሊኮን የሚሠራውም ለዚሁ ነው፤ እዚያ ሲሊኮኑ እንደ እርጥቡ ጨርቅ ነው። አሁን ግን ከአክንባሎው ሥር ነዳጅ እየፈነዳ ነው በሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር አንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ያቀጣጥላል፤ ናፍጣ ከሆነ ግፊቱ ከ100 ባር ያልፋል። ጨርቁ ይቆያል? የት አባቱ! ያን አክንባሎ የሚይዘው ከላይ አጥብቆ የሚጫነው ኃይልና ከምጣዱ ጋር ልክክ ብሎ የገጠመ አፉ ብቻ ነው። ቴስታታም እንደዚሁ፤ የሚይዙት ቡሎኖቹ ናቸው። ደግሜ ልበለው፣ ቡሎኖቹ ናቸው!

«ድሮ ታላላቆቹ መካኒኮች ይቀቡ ነበር» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እውነት ነው፣ ይቀቡ ነበር። እኔም ለእነሱ ትልቅ አክብሮት አለኝ። የዚያን ጊዜ ጓርኒሲዮን መዳብና አስቤስቶስ ነበር፤ ማሸጊያ ቅባት የሚፈልግም ነበረ። አስቤስቶስ ለካንሰር ስለሚዳርግ ቀረ። አሁን ብዙዎቹ የተደራረቡ ስስ የብረት ንጣፎች ናቸው፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ ጎበጥ ያለ ጠርዝ አላቸው፣ ላያቸው ላይ ደግሞ ከፋብሪካ የተቀባ ስስ ጎማ አለ። ማሸጊያው አብሮት ተወልዷል ማለት ነው። «ታዲያ ብጨምርበት ምን ይጎዳል?» ላላችሁኝ ደግሞ፣ ቴስታታው ሲታሰር ትርፉ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ይቆረጣል፣ ከዘይቱ ጋር ሄዶ የፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ያጣ ሞተር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ቪዲዮው ከጠቀማችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ለምታውቁት ሹፌርም ላኩለት።

የእኛ አገር መኪና ጓርኒሲዮን የሚበላው በአብዛኛው በሙቀት ነው። ከዛሪማ ተነስቶ ሊማሊሞን ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ አስቡት! በዚያ ላይ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ክፍት ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፣ የአሉሚኒየም ቴስታታም ይጣመማል። የተጣመመን ቴስታታ ሲሊኮን አያቀናም፤ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት) ነው የሚያቀናው። ስለዚህ ቀጥ ያለ ብረት አጋድማችሁ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ለኩት። የብዙ ሞተሮች የመጣመም ወሰን 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፦ ፊቱን ሳትቧጭሩ አጽዱ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ውሃና ዘይት አድርቁ (ታጭቆ ሞኖብሎክ ይሰነጥቃል!)፣ ከመሃል ወደ ዳር በየደረጃው በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ) እሰሩ፣ የሚለጠጥ ዓይነት ቡሎን ከሆነ በአዲስ ቀይሩ።

አምራቹ ሲሊኮን የሚያዝበት ቦታ አለ አልኩ አይደል? ብዙውን ጊዜ የፊተኛው የታይሚንግ ክዳን (የታይሚንግ ሰንሰለቱን የሚሸፍነው) ከሞኖብሎኩ ጋር የሚጋጠምባት መስመር ናት፤ እዚያች ላይ ጥቂት ጠብታ፣ በቃ። ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነ ጓርኒሲዮን ደግሞ የራሱ የመዳብ ስፕሬይ አለው።

የሞተራችሁ መጽሐፍ የሌላችሁ የሞተሩን ዓይነት ከታች ጻፉልኝ፤ የቡሎኑን የጥብቀት መጠንና ቅደም ተከተል ፈልጌ እመልስላችኋለሁ።