ለካናዳ ትንንሽ የኒውክሌር ሪአክተሮች ዕቃ መሸጥ ይቻላል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ ሰዓታችን የመጡ ሦስት ጥያቄዎችና የእንግዳችን የኢነርጂ ባለሙያ መልሶች እነሆ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለን። የቫልቭና የፓምፕ ክፍሎች እንሠራለን። ለካናዳዎቹ ሪአክተሮች መሸጥ እንችላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቻላል። በየት በኩል እንደሚገባ ማወቅ ነው ዋናው። ሥራው ያለው ዳርሊንግተን ነው፤ ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር። እያንዳንዳቸው 300 ሜጋዋት የሚያመነጩ አራት ሪአክተሮች ታቅደዋል። በጀቱ 20.9 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ነው። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ግን የኦንታሪዮ መንግሥት ከወጪው 80 በመቶ ያህሉ ለክፍለ ግዛቱ ድርጅቶች እንደሚውል ተናግሯል። ትልቁ የሪአክተር ጋን ራሱ እዚያው ኦንታሪዮ፣ ካምብሪጅ ከተማ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የባለፕሮጀክቱን በር ከማንኳኳት ኮንትራት የያዙትን አምራቾች ፈልጉ። የጎደላቸውን ክፍል የሚገዙት እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በዚህ ሥራ ወረቀቱ ከብረቱ እኩል ነው። ብረቱ ከየትኛው ማቅለጫ እንደመጣ፣ ማን እንደበየደው፣ ማን እንደፈተሸው ካልተጻፈ ዕቃው ይመለሳል። ካናዳ ኤን299 የሚባል የጥራት ደረጃ አላት። አራት እርከን አለው፤ ጥብቁ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ሰው ዘሎ እሱን ለማግኘት ገንዘቡን ይጨርሳል። መጀመሪያ ገዢውን ጠይቁ፤ ለእናንተ ዕቃ አራተኛው ሊበቃ ይችላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ፣ አይዳሆ ሊሠራ የነበረው የትንንሽ ሪአክተሮች ፕሮጀክት ተሰርዞ የለ? ይኼስ ወረቀት ላይ ላለመቅረቱ ምን ዋስትና አለ?

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው። የአይዳሆው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ቀረ። ዋጋው አሻቀበ፤ ኤሌክትሪኩን ለመግዛት የፈረሙ ከተሞችም አልበቁም። የዳርሊንግተን ዋና ባለቤት ግን የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው ሪአክተር የግንባታ ፈቃዱን በኤፕሪል 2025 አግኝቷል፤ በ2030 መጨረሻ እንዲያልቅ ታቅዷል። ቢሆንም ለዚህ ብሎ ቤት አስይዞ ማሽን መግዛት አልመክርም።

ጥያቄ፦ ካናዳ የራሷ ዩራኒየም እያላት ከውጭ ነዳጅ ትገዛለች?

መልስ፦ አዎ፤ የገበያው ጥሩ ክፍልም ይኼ ይመስለኛል። የካናዳ ነባር ሪአክተሮች የሚሠሩት ባልበለጸገ ዩራኒየም ነው። አዲሶቹ የበለጸገ፣ ማለትም ኃይል የሚሰጠው ክፍሉ በፋብሪካ ከፍ የተደረገ ዩራኒየም ይፈልጋሉ፤ ካናዳ ደግሞ ማበልጸጊያ የላትም። ነዳጁ ተዘጋጅቶ የሚሄደው ከዊልሚንግተን፣ ኖርዝ ካሮላይና ነው። ግንባታ አንዴ ያልቃል፤ ነዳጅ ግን ጣቢያው እስከሠራ ድረስ ይታዘዛል። በዚያ አካባቢ ወርክሾፕ ያላችሁ፣ ለነዳጅ ፋብሪካ መሸጥ ድንበር መሻገር አይጠይቅም። ወደ ካናዳ የምትልኩ ግን አስቀድማችሁ የኤክስፖርት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። የሪአክተር ቴክኒክ ንድፍ በኢሜይል መላክም እንደ ኤክስፖርት ይቆጠራል።