የናሽቪል ትንንሽ ቤቶች፦ ካንትሪን ከቅርብ ስትሰሙት

ሰላም ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ እና ስለምወደው ነገር ላወራችሁ ነው፣ ስለ ካንትሪ ሙዚቃ፣ በተለይ ደግሞ እዚህ አሜሪካ፣ ቴነሲ፣ ናሽቪል ከተማ ውስጥ በትንንሽ ክለቦች በላይቭ ስለሚሰማው።

በመጀመሪያ ካንትሪ ለሀበሻ ጆሮ ባዳ አይደለም። ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶሊ ፓርተንን፣ ጂም ሪቭስን በካሴት እየሰማ ያደገ ስንት ሰው አለ እኛ ጋ፣ እንግሊዝኛው ሳይገባው ዜማው ብቻ ሆዱን የሚያባባው። ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ እና ብዙዎቹ የድሮ ካንትሪና ብሉግራስ (በባንጆ፣ በፊድልና በማንዶሊን የሚጫወቱት የካንትሪ ዘመድ) ዜማዎች እነዚሁ አምስት ድምፆች ላይ ነው የሚመላለሱት። ክራር የሚነካካ ሰው ይሞክረው፣ ወዲያው ይገባዋል። ባንጆም ብትሉ፣ ያ ከበሮ መሳይ ሆድ ያለው ባለ ክር መሣሪያ፣ መሠረቱ አፍሪካ ነው፣ በባርነት የተጋዙ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ናቸው የሚያውቁትን መሣሪያ እዚህ እንደገና የሠሩት፣ ታላቁን የካንትሪ ዘፋኝ ሀንክ ዊሊያምስን ልጅ እያለ ጊታር ያስተማረውም ሩፈስ ፔይን የሚባል ጥቁር የጎዳና ሙዚቀኛ ነው። ስለዚህ ክለብ ገብቼ ስቀመጥ የሰው ቤት የገባሁ አይመስለኝም፣ የምሬን ነው።

እሺ፣ ናሽቪል የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ብሮድዌይ ነው፣ ታችኛው ብሮድዌይ። መንገዱ በሙሉ ኒዮን መብራት ነው፣ የታዋቂ ዘፋኞች ስም የተለጠፈባቸው ባለ ሦስት አራት ፎቅ ባሮች፣ ከያንዳንዱ ፎቅ የተለያየ ባንድ ይጮሃል፣ ቅዳሜ ማታ መራመድ ራሱ ከባድ ነው። እኔ እዛ መሀል የምገባው አንድ ቤት ነው፣ ሮበርትስ ዌስተርን ወርልድ። እዛ ቤት የሚጫወቱት የድሮውን ካንትሪ ነው፣ የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን፣ ስቲል ጊታርና ፊድል፣ ማለትም ቫዮሊን፣ ያለበትን። ግድግዳው ላይ ቡትስ ጫማ ተደርድሯል፣ በፊት ቡትስ መሸጫ ስለነበረ፣ ከዛ በፊት ደግሞ እዛው ህንፃ ውስጥ ስቲል ጊታር የሚሠራ ኩባንያ ነበር። የኋላ በሩ የሚወጣው ራይማን አዳራሽ ጀርባ ያለችው ጠባብ መንገድ ላይ ነው፣ ራይማን ማለት 1892 ለስብከት የተሠራ፣ ከ1943 እስከ 1974 ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሬዲዮ ፕሮግራም የሚተላለፍበት የነበረ አዳራሽ ነው።

እና የሮበርትስ ባለቤት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጄሲ ሊ ጆንስ የሚባል ከብራዚል የመጣ ሰው ነው። 1999 ላይ ቤቱን ገዛው፣ ብራዚልቢሊ የሚባል ባንድ አለው፣ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። በጣም ነው ደስ የሚለኝ ይሄ ታሪክ። ብሮድዌይ ሁሉ ወደ አዲሱ ድምፅ ሲሮጥ የድሮውን ካንትሪ አጥብቆ የያዘው ከሌላ አገር፣ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ሰው ነው፣ ፍቅር ስላለው ብቻ። እኛም ስደተኛ ነን፣ ይሄንን ሳስብ ደረቴ ሞላ ይላል።

ብሮድዌይ ላይ ብዙ ቦታ መግቢያ አይከፈልም፣ ስለዚህ ሰው ነፃ ነው ብሎ ገብቶ ቢራውን ጠጥቶ ይወጣል። ግን ባንዱ የሚኖረው በቲፕ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ሙዚቀኞቹ በፈረቃ ነው የሚሠሩት፣ አንድ ፈረቃ አራት ሰዓት ያህል ነው፣ አንዳንዱ ባንድ እረፍት እንኳን ሳይወስድ ይጨርሰዋል፣ በየመሀሉ አንዱ ባልዲውን ወይም ማሰሮውን ይዞ በጠረጴዛዎቹ መሀል ይዞራል። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ግንባር ላይ ብር የሚለጠፍበት አገር ልጆች ነን። አዝማሪ ስምህን ጠርቶ ግጥም ሲያወርድልህ እጅህ ኪስህ ይገባ የለ? በቃ እሱ ነው። ስለዚህ ሃያ ዶላር ዝርዝር ሳልይዝ አልገባም፣ ዘፈን ካዘዝኩ ደግሞ ጨምሬ ነው የምሰጠው፣ ከፍዬ የምሰማው እኮ የሰው እድሜ ነው፣ ያ ስቲል ጊታር የሚጫወተው ሰውዬ ስንት ዓመት ቤቱ ቁጭ ብሎ ተለማምዶ ነው።

ስለ ስቲል ጊታር ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ከሩቅ አይታይም። ሰውየው ቁጭ ይላል፣ መሣሪያው እንደ ጠረጴዛ ፊቱ ተዘርግቷል፣ በግራ እጁ ክብ የብረት ዘንግ ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኝ እጁ ጣቶች ይነካል፣ እግሩ ፔዳል ይረግጣል፣ ጉልበቱ ደግሞ ከታች የተንጠለጠሉትን ማንሻዎች ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል። መላ ሰውነቱ እየሠራ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። እና ድምፁ ልክ እንደ ማሲንቆ ያለቅሳል፣ ኖታው ቀጥ ብሎ አይደርስም፣ ከታች ተነስቶ እየተጎተተ ነው የሚደርሰው። አንድ ማታ መድረኩ ስር ቁጭ ብዬ የሰውየውን ጉልበት ብቻ እያየሁ አንድ ሙሉ ዘፈን አለቀ፣ ዘፋኟን አላየኋትም።

አሁን ከብሮድዌይ እንውጣ። ጋልች የሚባል ሰፈር አለ፣ አሁን ዙሪያው በሙሉ ረጃጅም አፓርትመንትና ሆቴል ነው፣ መሀሉ ላይ ግን አንዲት ዝቅ ያለች፣ መስኮት የሌላት የሚመስል ቤት አለች፣ ስቴሽን ኢን። 1974 በሙዚቀኞች የተከፈተች የብሉግራስ ቤት ናት፣ አሁን ያለችበት ቦታ የገባችው 1978 ነው። ጄ ቲ ግሬይ የሚባል ሰው 1981 ገዝቷት፣ 2021 እስኪሞት ድረስ ይዟት ቆየ። አርባ ዓመት! ውስጧ ምንም ጌጥ የለም፣ ፖስተሮች፣ ጠረጴዛ፣ ፖፕኮርን፣ ፒዛ፣ ቢራ፣ በቃ። ሰው ግን ከዓለም ዙሪያ ነው የሚመጣው።

ብሉግራስ ላይ ብዙ ጊዜ ድራም የለም። ማንዶሊኑ፣ ትንሿ ባለ ክር መሣሪያ፣ "ቻክ ቻክ" እያለ ድራሙን ተክቶ ይሠራል፣ ቤዙ መሬቱን ይይዛል፣ ባንጆው ደግሞ በሦስት ጣት ይዘንባል፣ የባንጆ ተጫዋቹ ኤርል ስክራግስ 1945 ከብሉግራስ አባት ከቢል ሞንሮ ባንድ ጋር ሲቀላቀል ያስለመደው አጨዋወት ነው። አንዳንዶቹ ባንዶች አንድ ማይክ ብቻ ነው የሚያቆሙት፣ ሁሉም በሱ ዙሪያ ነው፣ ሶሎ የሚጫወተው ወደ ማይኩ ጠጋ ይላል፣ ሲጨርስ ያፈገፍጋል፣ ሌላው ይገባል፣ የፊድሉ ቀስት የባንጆውን አንገት ሳይነካ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተላለፉ። ማንም ለማንም አይናገርም፣ በዓይን ነው። ይሄንን ስታዲየም ስክሪን ላይ ማየት አትችሉም፣ እዛች ቤት ሦስተኛ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላችሁ ነው የሚታየው።

ሌላው ብሉበርድ ካፌ ነው፣ እሱ ደግሞ ፍፁም ሌላ ነው። 1982 የተከፈተ፣ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ተራ ሱቆች መሀል ያለ፣ ዘጠና ሰው ገደማ የሚይዝ ክፍል ነው፣ መንገድ ላይ ስታልፉት ልብ አትሉትም። እዛ የሚጫወቱት የዘፈን ደራሲዎች ናቸው፣ ሌላ ሰው ዘፍኖ ዝነኛ ያደረገውን ዘፈን የጻፈው ሰውዬ ራሱ በጊታር ይዘፍነዋል። 1985 ላይ ዶን ሽሊትዝ ከሌሎች ሦስት ደራሲዎች ጋር ሆኖ መድረኩን ትቶ ክፍሉ መሀል ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፣ ከዛ ጀምሮ ይሄ የቤቱ መለያ ሆነ። ዶን ሽሊትዝ ማለት የኬኒ ሮጀርስን "ዘ ጋምብለር" የጻፈው ነው፣ በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ፣ እዚሁ ናሽቪል ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እየሠራ። እኛ አገር በካሴት ስንቱ የሰማው ዘፈን ከዚህ ከተማ ከአንድ ሠራተኛ ልጅ እጅ ነው የወጣው።

ብሉበርድ ውስጥ ማውራት አይቻልም፣ የቤቱ ሕግ ነው፣ ካወራችሁ "ሽሽ" ይሏችኋል። እኔ ይሄን ሕግ እወደዋለሁ፣ በጣም። ክብ ውስጥ ያለው ሰው ከጠረጴዛችሁ ክንድ ስንዝር ነው የሚርቀው፣ ዘፈኑ ስለ እናቱ ሞት ነው፣ የጻፈው እሱ ነው፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ትሰማላችሁ፣ እንዴት ተደርጎ ስልክ ይነካል? እኛ ጋም ጥሩ ትዝታ ሲዘፈን ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ሽማግሌ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሰማው። ላይቭ ሙዚቃ ላይ ሰሚውም ሥራ አለው ብዬ ነው የማምነው፣ ዝም ማለት፣ መክፈል፣ ተመልሶ መምጣት፣ ያለዚህ እነዚህ ቤቶች አይቆሙም። ናሽቪል ውስጥ መሬት እየተወደደ ነው፣ ስቴሽን ኢንን የሚያካክል ቦታ ላይ ስንት ፎቅ እንደሚሠራ አስቡት፣ እስካሁን የቆመችው ሰው ስለሚሄድ ነው።

እና እዚህ የምትኖሩ ሀበሾች፣ ወይ ከአትላንታ ከዲሲ የምትመጡ፣ ብሮድዌይን አይታችሁ አትመለሱ። እሁድ ማታ ስቴሽን ኢን ጃም አለ፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ መሣሪያውን ይዞ የመጣ ሰው ክብ ሠርቶ ይጫወታል፣ ጀማሪውም ሊቁም አንድ ላይ፣ ክራር ያላችሁ ደግሞ ይዛችሁ ኑ፣ ምን እንደሚፈጠር እንስማው። ብሉበርድ ግን ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቀድማችሁ ዌብሳይታቸው ላይ ትኬት ያዙ፣ ለቲፕ የሚሆን ዝርዝርም እንዳትረሱ። በሉ ሰላም ሁኑ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ።