ሲሚንቶውን እንተወው፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ግንበኞቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከጅማ ከተማ በላይ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው። ታች ከተማው ውስጥ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጅማ የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን የድንጋይና የጡብ ግንባታ ተስፋፋ። ዛሬ የማነሣው የጡቡን ነገር ነው።

የድሮ ጡብ ግድግዳን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዳንዱ ጡብ በርዝመቱ፣ ሌላው በወርዱ ተደርድሯል፤ በወርዱ የገባው የግድግዳውን ፊትና ጀርባ ያስራል። ከመስኮቱ በላይ ያለው ቅስት የላዩን ክብደት ወደ ግራና ቀኝ ያወርዳል። መስኮት ለማስፋት ብሎ ቅስቱን ያፈረሰ ሰው ግድግዳው ቢሰነጠቅበት አይገርመንም።

ትልቁ ጥፋት ግን ልስን ላይ ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። በኖራ የተገነባ ግድግዳ የጠጣውን እርጥበት በመገጣጠሚያው፣ ማለትም በጡብና በጡብ መካከል ባለው የኖራና የአሸዋ ቅልቅል በኩል ያወጣዋል። ነጭ ጨው ብቅ ሲል ለመሸፈን ሲሚንቶ ከለሰንነው ግን መውጫው ይዘጋል፤ ጨው ጡቡ ውስጥ ይረጋና የጡቡን ፊት እየላጠ ይጥለዋል። የተላጠ ጡብ ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቆርቆሮውና አሸንዳው ይጠገን፤ ውሃ እየወረደበት ግድግዳ ማደስ ገንዘብ መጣል ነው። ግቢው በአፈርና በንጣፍ ከፍ ብሎ ከሆነ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዚያ የላላው መገጣጠሚያ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በመሮና በመዶሻ ይቆፈር። በግራይንደር አይሁን፤ የጡቡን ጠርዝ ይበላዋል። አቧራው ተጠርጎ ጡቡ ውሃ ይርከፈከፍበት፤ ደረቅ ጡብ የቅልቅሉን ውሃ ቶሎ ይመጥጠዋል። ቅልቅሉ 1 እጅ ኖራ፣ 3 እጅ የተነፋና የታጠበ አሸዋ ነው፤ ሸክላማ አፈር ያለበት አሸዋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ተጠቅጥቆ ከገባ በኋላ ለሳምንት ያህል እርጥብ ጆንያ ይሸፈንበት። ኖራ ከአየር ጋር ቀስ እያለ ነው የሚጠነክረው፣ ፀሐይ ካቻኮለው ዱቄት ይሆናል።

ሥራው የሚመቸው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ያኔ ደግሞ የቡና ለቀማ ስለሆነ የቀን ሠራተኛ አይገኝም። ግንበኛና ኖራ ከጳጉሜን በፊት መያዝ አለባቸው።

ኖራን በጋራ የመግዛት ሐሳብ ዛሬ ከሰዓት ለውይይት ይቀርብላችኋል። ጉባኤው ተከፍቷል።