«ሰው በዛ» ብለን ስናበቃ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከጎንደር ነው የማወራችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። ብዙ ጊዜ በውስጤ ሲመላለስ የቆየ ነገር አለ፤ እሱን ላጫውታችሁ።

እዚህ ከተማ ውሃ ሲጠፋ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ የአዘዞ መንገድ ሲጨናነቅ ሁሉም ሰው አንድ መልስ አለው። «ሰው በዛ'ኮ!» ይላል። ባጃጅ ውስጥ ይባላል፣ ቡና ላይ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይባላል። ውሸት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የጎንደር ከተማ ነዋሪ 112 ሺህ ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. 207 ሺህ ደረሰ። እጥፍ ለመሙላት ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ቀን ተቆርጦለት ነበር፣ ተራዘመ፤ እንደገና ተራዘመ። ዛሬ ስንት እንደሆንን የምናወራው በግምት ነው። ለስንት ሰው ውሃ እንደሚያስፈልግ በውል ሳይታወቅ ግድብ መገደብ፣ ቧንቧ መዘርጋት እንዴት ይሆናል? እስቲ አስቡት።

እኔን የሚከነክነኝ «ሰው በዛ» ብለን ወሬውን እዚያው መዝጋታችን ነው። ወሬው ሳይዘጋ ከቀጠለ ደግሞ ጣቱ የሚቀሰረው ገጠር ባለች እናት ላይ ነው። «ስንት ትወልዳለች! አይመከሩም እኮ» ይባላል።

እስቲ የሚታወቀውን እንየው። ኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ያወጣችው በ1985 ዓ.ም. ነው። ያኔ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ ከሰባት በላይ ልጅ ትወልድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ቁጥሩ 5.9 ነበር። በ2008ቱ ጥናት 3.7 ሆነ። በ16 ዓመት ውስጥ ማለት ነው! የአገሪቱ አማካይ በዚያው ዓመት 4.6 ነበር፤ እኛ ጋ ከዚያም በታች ወርዷል። አይመከሩም የምንላቸው እናቶች ይህን ያህል ለውጠውታል። በእግሯ ሰዓታት ተጉዛ ጤና ኬላ ሄዳ የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት እኮ ናት ይህን ያደረገችው። አንዳንዷ ባሏ ሳያውቅ ነው የምትሄደው።

ታዲያ ወሊድ ከቀነሰ ለምን እንበዛለን? ምክንያቱም ወጣት ሕዝብ ነን። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ነበር። እነዚያ ልጆች አሁን አድገዋል፣ እያገቡ ነው። እያንዳንዳቸው ከወላጆቻቸው ያነሰ ቢወልዱም እነሱ ራሳቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቁጥራችን ለብዙ ዓመታት መጨመሩ አይቀርም። ይህ ሕዝብ መሬቱን ሳይጨርስ፣ ውሃውን ሳያደርቅ በምን ይኑር? ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው።

መሬቱን እንይ። በክልሉ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጅ የነበረ፣ ከዚያ በኋላም የተወለደ፣ ድርሻው የአባቱ ማሳ ነው። አባቱ ግማሽ ሄክታር ካለው፣ ልጆቹም አራት ከሆኑ፣ ምን ይካፈላሉ? አንዱ ጎንደር መጥቶ ጫኝና አውራጅ ይሆናል። አንዱ ሁመራና መተማ ለአጨዳ ይወርዳል። የቀረው ደግሞ አያቱ ለከብት ግጦሽ የተዉትን ተዳፋት ያርሳል።

ለከተማችን ውሃ ከሚሰጠው ከአንገረብ ግድብ በላይ ያሉትን ቁልቁለቶች ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ ማሳው ገና ለስልሶ፣ ቡቃያው ሳይሸፍነው ዝናቡ ይመጣል። አፈሩ ይሸሻል። ወንዙ እንደ ጉሽ ጠላ ደፍርሶ ይወርዳል። ያ አፈር የትም አይሄድም፣ ግድቡ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላት ጎንደር ውስጥ የቆየ ችግር ነው። ደለሉ በያዘው ቦታ ልክ ውሃው ይቀንሳል። ከተማው ደግሞ በየዓመቱ እየሰፋ ነው። ከዚያ እኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ይሆናል፣ ጀሪካኑ ይሰለፋል፣ አቅም ያለው ሮቶ ይገዛል፣ የሌለው ለቦቴ ውሃ ይከፍላል። የመገጭ ግድብ ይደርሳል እየተባለም ዓመታት ነጎዱ። ልብ በሉ፣ ቧንቧችንን ያደረቀው ቁጥራችን ብቻውን አይደለም። አማራጭ ያጣ ገበሬ የሚያርሰው ተዳፋትም አለበት፤ እርከን ያልተሠራለት፣ ሣር ያልተተከለበት።

ሌላው ነገር ኩበት ነው። ስለ ኩበት ብዙ ሰው አያወራም፣ እኔ ግን ቀላል ነገር አይመስለኝም። ገጠር ሄዳችሁ አንዲት እናት ኩበት ስትጠፈጥፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እበቱን ከጭድ ጋር በእጇ ታሻለች፣ ታድቦለብላለች፣ በመዳፏ ጠፍጥፋ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። በአንድ በኩል ሲደርቅ ትገለብጠዋለች። ሲደርቅላት ከፊሉን ለራሷ ታስቀራለች፣ ከፊሉን ተሸክማ ለገበያ ታመጣለች። ያ እበት ማሳ ላይ ቢቀር ማዳበሪያ ነበር። ግን እንጨት የለም፤ ዛፉ አልቋል፣ ኤሌክትሪክም አልደረሳትም። ስለዚህ የመሬቷን ምግብ ምጣዱ ሥር ታነደዋለች። መሬቱ ይደክማል፣ ከዚያ ማዳበሪያ በዱቤ ትገዛለች። ዋጋው ደግሞ ስንት እንደደረሰ የምታውቁት ነው።

እኛ ከተሜዎችስ? ቀሃም ሆነ አንገረብ በከተማችን መሀል አልፈው መገጭ ይገባሉ። መገጭ ጣና ይገባል። ፌስታሉ፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳሙና፣ ሁሉም በዚያው መንገድ ነው የሚወርደው። ጣና ላይ እምቦጭ መጀመሪያ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜኑ ዳርቻ፣ መገጭ በሚገባበት በኩል ነው። እምቦጭ ደግሞ ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ሲያገኝ ይፋፋል። የደንቢያ ገበሬ ውሃ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ የሚነቅለው አረም ከእኛ ቱቦ ጋር ግንኙነት አለው። ይህን ሳስብ ያመኛል። ሁለት ልጅ ወልዶ ቆሻሻውን ቀሃ ውስጥ የሚደፋ ከተሜ፣ ስድስት የወለደችውን የሚወቅስበት አንደበት ሊኖረው አይገባም።

ስሜን ተራሮችንም ላንሳ። ፓርኩ በሰውና በከብት ብዛት ተጎድቶ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው በሚላቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። በ2008 በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ 2,500 የሚሆኑ ሰዎች፣ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ። ግጦሹ ማገገሙ ደስ ይላል፣ ዋልያም ያስፈልገናል። ግን እነዚያ ሰዎች አልቀነሱም፣ ቦታ ነው የቀየሩት። ገብስና በግ የሚያውቅ ሰው ከተማ ገብቶ በምን ይኖራል? ተፈጥሮን ባዳንን ቁጥር ሂሳቡን የሚከፍለው ድሃው ብቻ ከሆነ፣ ያ መዳን አይዘልቅም እላለሁ።

ብዛት ሁልጊዜ ጥፋት እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። ኬንያ ውስጥ ማቻኮስ የሚባል አካባቢ አለ። በ1930ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር አፈሩ ተጠርጎ ያበቃለት ነው ተብሎ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1990 ሕዝቡ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ፣ መሬቱ ግን ከበፊቱ በተሻለ ተይዞ ተገኘ። እርከን ሠሩ፣ ዛፍ ተከሉ፣ ናይሮቢ ቅርብ ስለነበር ምርታቸውን ሸጡ። እጅ ሲበዛ ድንጋይ የሚደረድርም ይበዛል። መሬቱ የእኔ ነው ብሎ የሚያምን፣ ምርቱን የሚገዛው ገበያ ያለው ሰው እርከን አይሰለቸውም።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ያ 5.9 ወደ 3.7 የወረደው እንደ ሰማይ መና አይደለም። ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ስለቆዩ፣ ጋብቻ ስለዘገየ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለዞሩ ነው። እንዲያም ሆኖ ሴት ልጅ በልጅነቷ ከምትዳርባቸው ክልሎች አንዱ የእኛ ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ፣ ብዙ ጤና ኬላዎች መድኃኒት አጡ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ልጅ ቤት ስትውል ምን ይመጣል? ሽማግሌ ይመጣል። «ከሥጋቱ ትዳር ይሻላል» ይባላል። ወላጆቿን አልፈርድባቸውም፣ ፈርተው ነው። ግን እናት ለመሆን ገና አልደረሰችም፣ መርፌውም ኬላው ላይ የለም።

ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወራ ችግኝ ብቻ ይቆጠራል። እኔ ግን የጎንደር ዙሪያ፣ የደንቢያ፣ የወገራ ልጃገረዶች ስንቶቹ ወደ ክፍል እንደተመለሱ ቢነገረኝ፣ ስለ አንገረብም ስለ ጣናም የበለጠ ያወቅሁ ይመስለኛል።

በእናንተ አካባቢ ትምህርት ቤት ተከፍቷል? ሴቶቹ ልጆች ተመልሰዋል? መምህራን ካላችሁ በድምፅ መልእክት ንገሩኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል ስማችሁን ሳልጠራ አሰማዋለሁ። ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም። ደህና ሰንብቱ።